የጫኖ ቅዳሜ ከሰዓት

ወዳጆች፣ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ዶላር ምንዛሪ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍና ስለ ፖለቲከኞች ስንነታረክ ከርመናል። ዛሬ ስለ መዝናናት ልጽፍ ነው። «ሕዝቡ በኑሮ ውድነት ተጨንቆ አንተ ስለ ቅዳሜና እሁድ ታወራለህ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስድቡን እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ በኋላ አድርሱልኝ።

ነገሩ የጀመረው ጫኖ ላይ ነው። ለማታውቋት፣ ጫኖ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ የተዘረጋች የሙዝና የማንጎ አገር ናት። በስተምሥራቋ አባያ ሐይቅ፣ በስተምዕራቧ የጋሞ ተራሮች ናቸው። ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋ፣ ጫኖ ጫልባ እየተባለች በቀበሌ ትከፋፈላለች። አዲስ አበባ ላይ ልጣችሁ የምትጥሉት ሙዝ ብዙ ጊዜ ከዚህ አካባቢ የሄደ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት መንገዱ ይደምቃል። ከከተማ የመጡ ቤተሰቦች መኪናቸውን ጥላ ሥር ያቆማሉ። ማንጎ በዘንቢል ይገዛሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከሰልና መጥበሻ ይዘው የመጡም አሉ። ዓሣው ሲጠበስ ሽታው አስፋልቱን ተሻግሮ ይደርሳል። ደስ ይላል፤ እኔም ደጋግሜ አድርጌዋለሁ። ግን አንድ ቀን ዘወር ብዬ ሳይ፣ በዚያ ሁሉ መዝናናት ውስጥ የጫኖ ሰው ያለው በሥራ ላይ ነበር። ማንጎውን የምትሸጠው፣ ዓሣውን የምታጥበው፣ ባጃጁን የሚነዳው። የአንዱ እረፍት የሌላው ሥራ ነው።

ያን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ «ጀምበር» ነበረች። በ2018 እ.ኤ.አ. በብስራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ ያወጣት፣ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ያለባት የሥዕል መጽሐፍ ናት። ከማንጎ ሻጮቹ አንዷ፣ ወደ አሥራ ሦስት ዓመት የምትሆን ልጅ፣ ሽፋኑን አይታ «ይሄ ምንድነው ጋሼ?» አለችኝ። ሰጠኋት። ቆማ ማንበብ ጀመረች። መኪና ሲመጣ ከዘንቢሉ ሥር ትከተዋለች፣ ትሸጣለች፣ ትመለስና ካቆመችበት ትቀጥላለች። እንዲህ እያደረገች ጨረሰችው። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሁለተኛው ክፍል መቼ ይመጣል?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

እስቲ በሕጉ እንጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛውም በየሳምንቱ ቢያንስ 24 ያልተቆራረጠ ሰዓት እንዲያርፍ ይደነግጋል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የተጻፈው አሠሪ ላለው ሰው ነው። የራሱን ሙዝ ለሚያጠጣ ገበሬና አስፋልት ዳር ለምትሸጥ ልጅ አዋጁ ምንም አይልም። ከሐሬ ወንዝ የሚጠለፈው የመስኖ ውኃ በተራ ነው፤ ተራህ እሁድ ሌሊት ከደረሰ አካፋህን ይዘህ እሁድ ሌሊት ትወጣለህ። አንድ አዛውንት ጎረቤቴን «ጋሼ፣ እሁድን እንዴት ያሳልፋሉ?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ጠዋት እጸልያለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሙዙን ጠይቀው፤ ሙዝ እሁድ የሚባል አያውቅም፣ ልጄ» አሉኝ።

አንዳንዱ «ዊክኤንድ የፈረንጅ ነገር ነው» ይላል። ታሪካችን ግን እንዲህ አይልም። ቅዳሜም እሁድም ይከበር ብለው የተከራከሩት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ብዙ መከራ አይተዋል። በመጨረሻ በ1450 እ.ኤ.አ. በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱንም ሰንበት ተቀበለ። እርግጥ ያ ክርክር የሃይማኖት እንጂ የመዝናናት አልነበረም። ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል። የእረፍት ቀን በዚህ አገር ሰዎች የተሰደዱበትና የተሟገቱበት ጉዳይ ነው። ትርፍ ነገር አድርገን የቆጠርነው እኛ ነን።

ደስታን በጋራ ማዘጋጀትም ቢሆን ለጋሞ አዲስ አይደለም። ዮ መስቀላን ተመልከቱ። ሰዉ ለበዓሉ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅም ይቆያል። ጎረቤት ከጎረቤት ገንዘቡን አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ሥጋው እኩል በመደብ ይከፈላል። ፈረንጅ በግቢው አጥር ውስጥ ሥጋ ጠብሶ ወዳጆቹን ይጋብዛል፤ የሚችል ይጠብሳል፣ የማይችል ይጋበዛል። ቅርጫ ላይ ግን ሁሉም ባለድርሻ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ የሚበላ የለም። እንግዲህ ችግራችን ደስታን በጋራ ማደራጀት አለመቻል አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ በደንብ እናደራጀዋለን። በየሳምንቱ የሚመጣውን ቅዳሜ ግን ባለቤት አልሰጠነውም።

ባለቤት የሌለውን ነገር ደግሞ ሌላ ይወስደዋል። አሁን የወጣቱን ቅዳሜ የወሰደው የስፖርት ውርርድ ቤት ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲደርስ ልጆቹ ወረቀታቸውን ይዘው ይኮለኮላሉ። ጨዋታው ሲያልቅ «በአንድ ጎል ተቃጠለችብኝ» የሚለው ድምፅ ነው የሚበዛው። ብዙዎቻችን እነዚህን ልጆች ስንወቅስ እንውላለን፤ «ሰነፎች፣ በአቋራጭ መክበር የሚፈልጉ» እንላለን። እኔም እል ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ክፍት የሆነው የትኛው በር ነው? መጠጥ ቤቱ ክፍት ነው። ውርርድ ቤቱ ክፍት ነው። መጻሕፍት ያሉበት ክፍል ግን አርብ ማታ ተቆልፎ ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ወደ ቤት ሄዷል። ልጁ የመረጠው ክፉውን ሳይሆን ክፍቱን ነው።

ድሮስ የተሻለ ነበር ወይ? በሁሉም ነገር አልነበረም። እኛ ልጆች ሳለን የጃኪ ቻንን ፊልም ለማየት ቪዲዮ ቤት ገብተን ላብ በላብ ሆነን እንወጣ ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ግን አንድ ትልቅ ነገር አግኝተዋል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አንድ ሬዲዮ ለብዙ ሰው ይበቃ ነበር። መጽሐፉን መግዛት የማይችለው፣ ማንበብ የማይችለውም ጭምር፣ ከሚችለው ጋር እኩል ሰማ። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የማያውቅ ሰው እንዳይኖር ያደረገው ያ ትረካ ነው። ለአድማጩ ያስወጣው ቢበዛ የባትሪ ድንጋይ ነው።

እንግዲህ ስለ ኑሮ ውድነት ላነሳችሁት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ኑሮ ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀረው ገንዘብ የሚጠይቀው መዝናኛ ነው። ነጻው ከሌለ የሚተርፈው በአሥርና በሃያ ብር ተስፋ የሚሸጠው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የነጻ ደስታ ጉዳይ በተለይ የሚያስፈልገው ኪሱ ባዶ ለሆነው ነው። ሀብታሙማ ሎጅ ውስጥ ተቀምጦ አባያን እያየ ይጠብሳል፤ ስለሱ አልተጨነቅሁም።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየቀበሌው ያሉ ትምህርት ቤቶች የመጻሕፍት ክፍላቸውን ቅዳሜ ከሰዓት ለአራት ሰዓት ይክፈቱ፤ ቁልፉን በተራ የሚይዙ ወጣቶች አይጠፉም። ሁለተኛ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳና አዛውንት የሚቀመጡበት የዛፍ ጥላ «ባዶ ቦታ» ተብሎ ለማንም አይሰጥ። ዱቡሻን ለሽምግልና ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ የጋራ ቦታ ጥቅም አይጠፋውም። ሦስተኛው ለእናንተ ነው፣ ለአንባቢዎቼ። ለመዝናናት ወደ ጫኖ ስትመጡ ልጆቻችሁ አንብበው የጨረሱትን አንድ መጽሐፍ ይዛችሁ ኑ። የሥዕል መጽሐፍ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። አንዱ መጽሐፍ በሃያ እጅ ይዞራል።

በርግጥ በዚህ ውርርድ ቤቱ አይዘጋም። የመስኖው ተራም እሁድን አይዘልም። ግን ያቺ ልጅ በሁለት መኪና መካከል ባገኘቻት ጊዜ መጽሐፍ ጨርሳለች። ሁለት ሙሉ ሰዓት ብትሰጧት ምን እንደምታደርግ አስቡት።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ከሩቅ አይታኝ በእጇ ጠራችኝ። ማንጎ ልትሸጥልኝ መስሎኝ ነበር። «አመጣኸው?» አለችኝ።

አላመጣሁም ነበር። በሚመጣው ቅዳሜ ባዶ እጄን አልሄድም።

መልካም ሰንበት!