መዋጮው ለስትሪፕ ይሁን



ናይሮቢ የምኖር፣ አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባት ልጅ እናት ነኝ። ሰሞኑን እኛ አበሾች ዘንድ «ሴል ተተክሎላቸው ከኢንሱሊን የተገላገሉ አሉ፤ ገንዘብ አዋጥተን ልጆቹን ውጭ እንላካቸው» የሚል ሐሳብ ይዞራል። ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም።

ሕክምናው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የካናዳው ዶክተር ጄምስ ሻፒሮና ባልደረቦቹ ከሟቾች ቆሽት የወጡ ኢንሱሊን አመንጪ ሴሎችን ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር ለ7 ሕሙማን ሰጡ፤ ሰባቱም መርፌ አቆሙ። ነገር ግን እነሱ በሚሠሩበት ማዕከል የታከሙ ሰዎች ከ5 ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ያለ ኢንሱሊን የቀጠለው ከአሥር አንዱ ያህል ብቻ ነበር። በ2023 አሜሪካ የፈቀደችውም ስኳራቸው በተደጋጋሚ ክፉኛ ለሚወርድባቸው አዋቂዎች ነው፤ ለሕፃናት አይደለም።

ሌላም አለ። ሰውነት የተተከለውን ሴል እንዳያጠፋው በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ያለማቋረጥ መውሰድ ግድ ነው። ቲቢ በሞላበት ከተማ፣ በየቀኑ በተጨናነቀ ማታቱ (ሚኒባስ) ትምህርት ቤት የምትመላለስ ልጅን እንዲህ ላለ ነገር አሳልፌ አልሰጥም። በ2025 ይፋ የሆነው፣ ከግንደ ሕዋስ የተሠሩ ሴሎች ሙከራ ተስፋዬን አለምልሞታል፤ ከ12 ሰዎች 10ሩ ከዓመት በኋላ ኢንሱሊን አላስፈለጋቸውም። እነሱም ግን ያንኑ መድኃኒት ይወስዳሉ።

ልጆቻችንን ዛሬ የሚያሰጋቸው የስትሪፕ፣ ማለትም የደም ስኳር መለኪያ ወረቀት፣ እጦት ነው። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልጄ ላብ አጥምቋት፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ቀሰቀሰችኝ። ጣቷን ወግቼ ስኳሯን ስለካ 2.6 ሚሊሞል በሊትር! ወዲያው ጭማቂ አጠጣኋት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሜ ለካሁ። ለዚያች ሌሊት ብቻ ስንት ስትሪፕ እንደሄደ እናት የሆነች ታውቀዋለች። የማውቃቸው እናቶች ስትሪፕ ለመቆጠብ ሲሉ ሳይለኩ፣ በግምት ይወጋሉ። በግምት የተወጋ ኢንሱሊን ልጅን እንቅልፍ ላይ እንዳለች ሊገድል ይችላል።

አንዲት ልጅ ውጭ ሄዳ እንድትታከም የሚሰበሰበው ገንዘብ እዚህ ላሉት ልጆች ሁሉ ለረጅም ጊዜ ስትሪፕ ይገዛል። ስለዚህ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየዕድሩ ያላችሁ ወገኖች፣ መዋጮውን አታቁሙ። ወርሃዊ አድርጉት፤ ስትሪፑ በጅምላ ተገዝቶ ለየቤተሰቡ ይከፋፈል። ዝርዝሩን የሚይዝ ሰው ከጠፋ እኔ እይዛለሁ።

አንዲት እናት፣ ከናይሮቢ