ሞተሩ ሲያድግ ፍሬኑ ካላደገ

ያረጀ ግን ያልዛገ የቤት መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። አካሉ ጠንካራ ነው፣ በሩ ሲዘጋ እንደ ካዝና ይከረቸማል፣ ወንበሩም ከዘንድሮዎቹ ስስ ወንበሮች ይሻላል። ሞተሩ ግን ዘይት ይጠጣል፤ ዳገት ላይ ሲደርስ ይለምናል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ካየ በኋላ "ይህንን አውርደን ለምን ትልቁን አንገጥምለትም?" ይላል። ባለቤቱ ዋጋ ይጠይቃል። የሚነገረውም የሞተሩ ዋጋና የእጅ ዋጋ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሒሳቡ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው።

አንባቢ ከወዲሁ እንዲረዳልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በአሮጌ አካል ውስጥ ትልቅ ሞተር መትከል በራሱ እብደት አይደለም። ዓለም እስከ ዛሬ ከሚያደንቃቸው ባለ አራት በር መኪኖች አንዳንዶቹ የተወለዱት በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን የተሳካላቸው ሰዎች የገዙት ሞተር ብቻ አልነበረም። ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ሦስት ታሪኮችን እናነጻጽር።

የሽቱትጋርት ሒሳብ

መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1963 "600" የተባለችውን ግዙፍ መኪና አስተዋወቀ። ክብደቷ ወደ 2,500 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ የሚጎትታት ደግሞ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 6.3 ሊትር ሞተር ነበር። ደንበኞቿ ነገሥታት፣ ርዕሳነ ብሔርና ቱጃሮች ነበሩ። እንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ ደግሞ ብዙ አይደለም። ምርቷ እስከቆመበት እስከ 1981 ድረስ በ18 ዓመታት የተሠሩት 2,677 ብቻ ናቸው። በአማካይ በዓመት 150 እንኳ አይሞሉም ማለት ነው።

ለሞተር ማምረቻ የሚወጣው መዋዕለ ንዋይ፣ ማለትም የማሽኑ፣ የቅርጽ ማውጫውና የመሐንዲሶቹ ጥናት፣ ቋሚ ወጪ ነው። 150 ሞተር ቢመረትም 1,500 ቢመረትም ያው ወጪ ይወጣል። ሞተሩ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። ይህ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚነገር ነገር ነው።

የኩባንያው የሙከራ መሐንዲስ የነበረው ኤሪክ ቫክሰንበርገር በ1960ዎቹ አጋማሽ ያንኑ የ600 ሞተር በጣም በምታንሰው መኪና ውስጥ ለመክተት ተነሳ። የልማቱ ኃላፊ ሩዶልፍ ኡለንሃውት የሙከራ መኪናዋን ነድቶ፣ መንገድ ዳር አቁሞ፣ "እስቲ ኮፈኑን ክፈቱልኝ" አለ እየተባለ ይተረካል። የዚህ ሥራ ውጤት የሆነችው "300 ኤስኢኤል 6.3" እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1968 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ታየች። ያው አካል በመደበኛው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር 170 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ አሁን 250 ሆነ። ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚፈጅባት 6.5 ሰከንድ ነበር። ከፍተኛ ፍጥነቷ 220 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ዋጋዋ 39,160 የጀርመን ማርክ ነበር፤ እስከ 1972 ድረስም 6,526 ተመረቱ። ይህም በዓመት 1,300 ገደማ ነው። ለነገሥታት የተሠራው ሞተር በሀብታም ነጋዴ መኪና ውስጥ ገብቶ ቋሚ ወጪውን ተጋራ።

እዚህ ላይ ልብ ይሏል! ኩባንያው የጨመረው ሞተር ብቻ አይደለም። አውቶማቲክ ካምቢዮው የ600 ነበር፤ አራቱም ጎማዎች ዲስክ ፍሬን ነበራቸው፤ አካሉም በታመቀ አየር በሚሠራ ሥርዓት ላይ ተንሳፎ ይሄድ ነበር። ጉልበቱን የሚሸከም፣ የሚያስተላልፍና የሚያስቆም ነገር አስቀድሞ ተሰናድቷል።

የዲትሮይት ሒሳብ

አሜሪካኖቹ ከዚህ ቀድመው ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ የሆነ ሞተር እንዳይገጠም መመሪያ ነበረው። በጊዜው የፖንቲያክ ክፍል ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ መመሪያውን በብልሃት አለፉት። 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር የሆነውን ትልቅ ሞተር "ቴምፐስት" በተባለችው መካከለኛ መኪና ላይ አዲስ ሞዴል ብለው ሳይሆን "ተጨማሪ ዕቃ" ብለው አቀረቡት። በ1964 ሞዴል ዓመት ጂቲኦ የተባለው ይኸው ጥቅል ወደ 300 ዶላር በሚጠጋ ጭማሪ ተሸጠ። የሽያጭ ኃላፊዎቹ 5,000 ቢሸጥ ይበቃል ብለው ነበር፤ የተሸጠው 32,450 ሆነ።

እንደ ንግድ ሥራ ድንቅ ነው። ታዲያ ምን ጎደለ? ፍሬን። ይህች ጉልበተኛ መኪና በአራቱም ጎማዎቿ ላይ የነበራት ታምቡር ፍሬን ነው። ታምቡር ፍሬን ደጋግመው ሲረግጡት ይግላል፣ ሲግል ይደክማል። በዘመኑ የነበሩ ገምጋሚዎችም በዚሁ ወቅሰዋታል። ዲስክ ፍሬን በምርጫ መልክ የመጣው በ1967 ሞዴል ነው።

ዋጋውን በኋላ የከፈለው ገዢው ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለጉልበተኛ መኪኖች በተለይም ለወጣት ነጂዎች ዓረቦናቸውን ከፍ አደረጉ። በ1970 የአየር ጥራት ሕግ ተጠናከረ፣ በ1973 የነዳጅ ማዕቀቡ መጣ። ከ1974 ሞዴል በኋላ የጂቲኦ ስም ከፖንቲያክ ዝርዝር ወጣ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ገበያ ነው።

የዙፈንሃውዘን ሒሳብ

ሦስተኛው ታሪክ ከሁለቱም ይልቅ ትምህርት ሰጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 መርሴዲስ 326 የፈረስ ጉልበት ያለውን ባለ 8 ሲሊንደር፣ 5 ሊትር ሞተር በመካከለኛው የቤት መኪናው ውስጥ ከትቶ አስተዋወቀ። ሞተሩ ሲገባ ፍሬኑና ከሥር ያለው አካል ከ500 ኤስኤል ስፖርት መኪና ተወሰደ። ጎማው ሰፋ። ጎማው ሲሰፋ የጎማ መሸፈኛው ሰፋ። መሸፈኛው ሲሰፋ ደግሞ መኪናዋ በዚንደልፊንገን ፋብሪካ መደበኛ የመገጣጠሚያ መስመር ላይ ማለፍ አልቻለችም!

መፍትሔው ሥራውን ለጎረቤት መስጠት ሆነ። በዚያን ጊዜ ገበያ ጠፍቶበት የነበረው ፖርሽ በዙፈንሃውዘን ፋብሪካው አካሉን እንዲገጣጥም ኮንትራት ወሰደ። እያንዳንዷ መኪና በሁለቱ ፋብሪካዎች መካከል እየተመላለሰች ለማለቅ 18 ቀን ይፈጅባት ነበር። እስከ 1995 የተሠሩት 10,479 ናቸው። አንድ ሞተር መቀየር ስንት ሌላ ነገር እንደሚያስቀይር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሊካድ የማይችል ሌላ ሒሳብም አለ። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ መኪና የሚይዘው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ100 ወደ 140 ኪሎ ሜትር የተሻገረ መኪና ፍጥነቱ በ40 በመቶ ብቻ ጨመረ፤ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ትልቁ ሞተር የሚሰጠው ደስታ ወዲያው ይታያል፤ ዕዳው የሚታየው ቁልቁለት ላይ ነው።

ወደ እኛው መንደር

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ነጂ ምኑ ነው? ይባል ይሆናል። ብዙ ነው።

በመጀመሪያ፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል ተብሎ በግርድፉ ይሰላል። ስለዚህ መኪናው ደከመ የሚለው ባለቤት ከሞተሩ ጉልበት ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን ያጣው በእርጅና ሳይሆን በአየሩ ነው። በባሕር ወለል ልክ የተስተካከለ ካርቡራተር ደግሞ እዚህ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭስ ያወጣል፣ ሻማ ያጠቁራል። ካርቡራተሩን ማስተካከልና የሲሊንደሮቹን ግፊት ማስለካት ሞተር ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። ከሐኪም በፊት ቀዶ ጥገና የለም።

ሁለተኛ፣ መኪና የምናጠፋበት ጊዜ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በእጅጉ ውድ አድርጓል፤ ታክሱንም ከሞተሩ መጠን ጋር አያይዟል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አግዷል። አቅርቦቱ ሲዘጋ በእጅ ያለው ይወደዳል። በደህና አካል ላይ ያለ መኪና ሻንሲውን ቆርጦ፣ የሞተር መቀመጫውን በየዳ ለውጦ ያበላሸ ሰው፣ የሚያጠፋው በቀላሉ የማይተካ ንብረት ነው።

ሦስተኛ፣ ሊብሬ አለ። በሊብሬው ላይ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ሰፍሯል። ሞተሩ ተቀይሮ ሰነዱ ካልተቀየረ መኪናውን መሸጥ፣ ለዋስትና ማስያዝም ሆነ ዓመታዊ ምርመራ ማሳለፍ ራስ ምታት ነው። አደጋ ቢደርስስ? የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው መንገደኛውን ለመጠበቅ ነው። በወረቀት ላይ አንድ ሞተር፣ በኮፈኑ ሥር ሌላ ሞተር ይዞ የሚሄድ ሰው የክርክር በር እየከፈተ ነው።

አራተኛ፣ ነዳጅ ነው። አገራችን ቤንዚንና ናፍጣ የምታስገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። ለረጅም ዓመታት ትልቅ ሞተር የያዘ ሰው ከሚያቃጥለው ውስጥ የተወሰነውን የሚከፍልለት በድጎማ መልክ ሕዝቡ ነበር። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ሲደረግ ሒሳቡ ወደ ባለቤቱ ኪስ ተመለሰ። የድሮው ሒሳብ ዛሬ አይሠራም።

ምን ይሻላል?

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት አጭር ነው። ያረጀን ሞተር በዚያው ዓይነትና መጠን መተካት የጥገና ወጪ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። በትልቅ ሞተር መተካት ግን ሌላ መኪና መሥራት ነው። ስለዚህ እንደ ሌላ መኪና ይታሰብ። ባለቤቱ ከመካኒኩ አንድ ዋጋ ሳይሆን ሙሉ ዝርዝር ይጠይቅ፤ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ዲፈረንሻል፣ ራዲያተር፣ ማርሚታ፣ ሞላና ሾክ አብዞርበር፣ ጎማ፣ ከሁሉም በላይ ፍሬን። ድምሩ ከመኪናው የመሸጫ ዋጋ በላይ ከሆነ የሚገዛው ደስታ እንጂ ንብረት አይደለም። ደስታ መግዛት መብቱ ነው፤ ነገር ግን ትርፍ አገኛለሁ ብሎ አይግዛው። በውጭው የጥንታዊ መኪና ገበያ ሰብሳቢዎች ብዙ የሚከፍሉት የሞተሩ ቁጥር ፋብሪካው ከመዘገበው ጋር ለሚስማማ መኪና ነው። የወረደውን ሞተር በብረት ዋጋ የሸጠ ሰው የመኪናውን የልደት ወረቀት አብሮ ሸጧል።

መንግሥትም የቤት ሥራ አለበት። በጀርመን አገር እንዲህ ያለ ለውጥ በባለሙያ ተመርምሮ በመኪናው ሰነድ ላይ ካልሰፈረ መኪናው በመንገድ ላይ የመሄድ ፈቃዱን ያጣል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ቢያንስ 30 ዓመት የሞላቸውና ጥንታዊ ይዘታቸውን የጠበቁ መኪኖች የተለየ ሰሌዳ ያገኛሉ። ሕጉ አልከለከለም፤ ሥርዓት አስያዘ። እኛም ዘንድ መርማሪው የሞተር ቁጥር ከማንበብ አልፎ የፍሬኑንና የሞተሩን መመጣጠን በመሣሪያ ለክቶ የሚፈርምበት ግልጽ አሠራርና የታወቀ ክፍያ ቢኖር ባለቤቱም ከመደባበቅ ይድን ነበር።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በላይ የሆኑ መኪኖች የነዳጅ ሞተራቸው ወጥቶ በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲተካ የሚፈቅድ ደንብ አውጥታለች። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ እንጦጦ ላይም ሆነ አዋሽ ላይ ጉልበቱ ያው ነው። ባትሪው ውድ ነው፣ ክብደቱም ፍሬኑን ይፈትናል፤ ስለዚህ ከላይ ያልነው ዝርዝር ለእርሱም ይሠራል። ነገር ግን ነዳጅ በምንዛሪ ለሚገዛ፣ ኤሌክትሪክ ከወንዙ ለሚያመነጭ አገር፣ ጋራዦቻችን ሊማሩት የሚገባው ቀጣዩ የሞተር ቅያሬ ይህኛው ይመስለናል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ትልቁን ሞተር የሚመኝ ሰው ይመኝ፤ ገንዘቡን ግን ከፍሬኑ ይጀምር። ፍሬኑን ገዝቶ ለሞተሩ ገንዘብ ያጠረው ሰው በሰላም ቤቱ ይገባል። ሞተሩን ገዝቶ ለፍሬኑ ያጠረው ግን ሒሳቡን ለመንገደኛ ያስከፍላል።