ወባ ካልሆነስ?

በምዕራብ ጎጃም፣ በጃቢ ጠህናንም ሆነ በቡሬ ዙሪያ፣ ልጅ ሲያተኩሰው ሰው ሁሉ የሚያስበው ወባን ነው። አይፈረድበትም፤ ቆላው ወባ አያጣውም። ጤና ጣቢያ ጣቱን ይወጋል፣ «የለበትም» ይባላል፣ ሽሮፕ ይዞ ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ ያገረሻል። ከንፈሩ ይነጣል፣ ነስሩ አልቆም ይላል፣ እግሬን እያለ ሩጫ ይተዋል። እናት ጠበል ትላለች፤ አባት በርበሬው ይሸጥና ባሕር ዳር እንወስደዋለን ይላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን መቅኒው ውስጥ ያልጎለመሱ የነጭ ደም ሴሎች ልክ አጥተው እየተባዙ የቀይ ደሙንና ደም የሚያቆመውን የፕላትሌቱን ቦታ ይቀማሉ። መገርጣቱም ነስሩም ከዚያ ነው። በሽታው ሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር ነው።

ሴል ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ወደየወገኑ የሚስቡ ስስ ክሮች አሉት። ከማዳጋስካር አበባ የተገኘው የሉኪሚያ መድኃኒት፣ ቪንክሪስቲን፣ እነዚህን ክሮች ያሽመደምዳል፤ ሴሉ መከፈል አቅቶት ይሞታል። አሜሪካ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ተመራማሪዎች ዛሬ ከ50 በላይ ክሮሞዞም ያጨቁ የሉኪሚያ ሴሎች ሲከፈሉ የሚሳሳቱትን ስህተት መልሰው ማጥቂያ ሊያደርጉት ይጥራሉ። ይበል ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የዛሬ 60 ዓመቱ መድኃኒት ለልጆቻችን አለመድረሱ ነው። ሀብታም አገር ውስጥ፣ በብዛት የሚታየው የሕፃናት ሉኪሚያ ከያዛቸው አሥር ልጆች ዘጠኙ ያህል በዚህና በመሳሰሉት አሮጌ መድኃኒቶች ይድናሉ።

አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው በልጃቸው ስም ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ከፍቷል። ማቲዎስን የነጠቃቸው ይኸው ሉኪሚያ ነበር። ሥራቸው ያስመሰግናል፤ ግን ሕክምናው ሁለት ዓመት ያልፋል፣ ገበሬ ደግሞ ሁለት ክረምት ማሳውን ጥሎ አይከርምም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ወይም የጎንደር ሆስፒታል ሐኪሞች ድርሻ ናቸው። ቪንክሪስቲንም በስህተት አከርካሪ ውስጥ ቢገባ ይገድላልና ለሠለጠነ እጅ ይተው። ቀሪው ረጅም ጊዜ ግን በአብዛኛው የማታ ክኒን፣ ሳምንታዊ ሜቶትሬክሴትና የደም ቆጠራ ነው። ለደም ቆጠራ እዚያ ድረስ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ለምን? ያውም ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ መንገዱ በአማራ ክልሉ ጦርነት እየተዘጋ!

ደሙ እዚያው ቅርብ፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይቆጠር። ውጤቱ በስልክ ለካንሰር ሐኪሙ ይነገር፣ መጠኑን እሱ ይወስን፣ ክኒኑም መንገድ ቢዘጋ የሚያቆይ ተደርጎ እዚያው ይቀመጥ። ጤና ጣቢያውም ወባ የሌለበት፣ የገረጣና የሚነስረው ልጅ ሲያይ ሽሮፕ ሰጥቶ አይሸኘው፤ በዚያው ቀን ለደም ቆጠራ ይላከው።