ካርዳችን ከዓይናችን አይራቅ፤ የአስተናጋጆችም ደመወዝ አይቆረጥ!



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቆሻሻ መድፊያ፣ ስለ ጥበቃ መዋጮና ስለ መንገድ መብራት ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ የምንጽፈው ኪሳችን ውስጥ ስላለው ነገር ነው። በሰፈራችን ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቶችና ግሮሰሪዎች ሂሳብ የሚከፈልበት መንገድ ከልክ ያለፈ ዝርክርክነት የሰፈነበት ሆኗል። ማኅበራችን ይህን አይቶ ዝም ሊል አይችልም።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደንበኛ በልቶ ጠጥቶ ካርድ ያወጣል። አስተናጋጁ ካርዱን ተቀብሎ ወደ ጓዳ ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ ማዶ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ፒኑ ስንት ነው?» ይላል። ጋሼም አራቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ይጠሩለታል! ቤት ሙሉ ሰው ይሰማል። ለመሆኑ የቤቱን ቁልፍ ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ፣ አድራሻውንም በጩኸት የሚናገር ሰው አለ? ታዲያ ይህ ከዚያ በምን ይለያል?

አንዳንድ ወገኖች «ምን ችግር አለው? አስተናጋጁ የታወቀ የሰፈር ልጅ ነው» ይሉናል። እኛም ልጆቹን አንጠረጥርም። አብዛኞቹ ላባቸውን አንጠፍጥፈው የሚያድሩ ናቸው። ጥያቄያችን ስለ አሠራሩ ነው። ካርዱም ፒኑም በአንድ ሰው እጅ ሲገቡ፣ ነገ ገንዘብ ቢጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያው ምስኪን አስተናጋጅ ነው። ጥሩ አሠራር ደንበኛውን ከሌባ፣ ሠራተኛውን ደግሞ ከሐሜት ያድናል።

ስለ ካርዱ ጥቂት እናብራራ። በካርዱ ጀርባ ያለው ጥቁር መስመር የሚይዘው መረጃ አይለዋወጥም። በትንሽ መሣሪያ አንድ ጊዜ የገለበጠው ሰው ሌላ ካርድ ላይ ሊያትመው ይችላል። በፊት ለፊቱ ያለችው ትንሽ ቺፕ ግን ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ የምስጢር ምልክት ትፈጥራለች፤ ትናንት የተሠራበት ምልክት ዛሬ አይሠራም። ፒኑ ደግሞ ካርዱን የያዘው ሰው ባለቤቱ መሆኑን ያረጋግጣል። አራት አኃዝ ማለት 10,000 ዓይነት ቁጥር ነው፤ በጥቂት ሙከራ ስለማይገኝ ሌባ ይቸገራል። ይህ ሁሉ ጥበብ ግን «ፒኑ ስንት ነው?» ሲባል ከንቱ ይሆናል። ከካርዱ ጀርባ ያሉት ሦስት አኃዞችም ለጌጥ አልተጻፉም። በኢንተርኔት ለመገበያየት የሚያገለግል ካርድ ከሆነ፣ ጓዳ ውስጥ በሞባይል ፎቶ ያነሳው ሰው ቁጥሩንና እነዚህን አኃዞች ይዞ በሌላው ገንዘብ ሊገበይ ይችላል።

ሌላው ዓለም ይህን የተማረው ተቃጥሎ ነው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1992 የባንክ ካርዶች ሁሉ ባለ ቺፕ ሆነዋል። በእንግሊዝ ከእ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2006 ጀምሮ ባለካርዱ ራሱ ፒኑን እንዲመታ ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ፐብ የሚሏቸው መጠጥ ቤቶች ሳይቀሩ ገመድ አልባውን ማሽን ጠረጴዛ ድረስ ይዘው መምጣት ለመዱ። በአሜሪካ የካርድ ድርጅቶቹ ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ደንባቸውን ለወጡ። ቺፕ የሚያነብ ማሽን ያላስገባ ነጋዴ፣ በተገለበጠ ካርድ ለሚደርሰው ኪሳራ ራሱ ተጠያቂ ሆነ። እርግጥ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን እንደሚያውቁት በብዙ ምግብ ቤት ካርድ ወስዶ መመለስ እስከ ዛሬ አልቀረም። «አሜሪካም እንዲህ ነው» የሚለው ግን መከላከያ አይሆንም። ጥፋት ከውጭ አገር ስለመጣ ልማት አይሆንም።

ትልልቆቹ ሆቴሎችም አልዳኑም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሃያት በተባለው ኩባንያ ሥር በ50 ገደማ አገሮች ባሉ 250 ሆቴሎች የክፍያ ማሽኖች ውስጥ ሰርሳሪ ፕሮግራም ገብቶ የካርድ መረጃ ወስዷል። በአብዛኛው የተጎዱት በሆቴሎቹ ምግብ ቤቶች የከፈሉ ሰዎች ነበሩ። ያን ያህል አቅም ያለው ኩባንያ እንዲህ ከተደፈረ፣ የእንግዳን የካርድ ቁጥር በደብተር ጽፎ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የሚተው ፔንሲዮን ምን ሊሆን ነው? የካርድ ክፍያ ዓለም አቀፍ ደንብ ሦስቱ አኃዞች ክፍያው ከጸደቀ በኋላ በምንም መልክ እንዳይቀመጡ ይከለክላል። ደብተርም ሆነ ኮምፒዩተር፣ ያው ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚያንገበግበን ጉዳይ እንግባ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ የባንኮቹም የሞባይል መተግበሪያዎች ጭምር፣ ሂሳብ መክፈልን አቅልለውልናል። ይህን እናመሰግናለን። ነገር ግን ማሽን ማስገባት የሰነፉ ቤቶች «አስተላልፍና ስክሪን ሹቱን አሳይ» የሚል አሠራር ፈጠሩ። ስክሪን ሹት ሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ ይፈበረካል። አጭበርባሪው የተቀባበረ ሥዕል አሳይቶ፣ «ገብቷል፣ እዪው» ብሎ ውልቅ ይላል። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ገንዘቡ የለም። ከዚያስ? ባለቤቱ ከአስተናጋጇ ደመወዝ ይቆርጣል!

እንዴ! ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ማሽን ያላስገባው ባለቤቱ፣ የሂሳብ ቁጥሩ የባለቤቱ፣ ገንዘቡ መግባቱን የሚያሳየው ስልክ በባለቤቱ ኪስ፣ ዕዳው ግን በአስተናጋጇ ጫንቃ! ልጅቷ እስከ ሌሊት ቆማ ሠርታ፣ የወር ቤት ኪራይዋን ለአንድ ወሮበላ ክትፎና ቢራ ትከፍላለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። «ወይ ትከፍያለሽ ወይ ትወጫለሽ» የሚለው ቃል በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ባለቤቶቹ የሚያቀርቡትን ምክንያትም ሰምተናል። አንደኛው፣ «ማሽኑ ያስወጣል» የሚለው ነው። ማሽኑን ለነጋዴው የሚያቀርቡት ባንኮቹ ናቸው፤ በጠየቀ ቤት ደጅ ድረስ ይመጣሉ። የሚቆረጠው ኮሚሽን ደግሞ በአንድ ሌሊት ሐሰተኛ ስክሪን ሹት ከሚጠፋው ጋር ይመዛዘን። ሁለተኛው፣ «ኔትወርክ የለም» ነው። ኔትወርክ መቋረጡን አንክድም። ግን ቤቱ ይህን ሰው ከመብላቱ በፊት በር ላይ ይጻፈው እንጂ ከበላ በኋላ አያርዳው። ሦስተኛው በሹክሹክታ የሚነገረው ነው፤ «ሽያጫችን ይታወቅብናል»። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን በደንብ ቁጥር 139/1999 ግዴታ ከሆነ ስንት ዘመኑ? ሽያጩን መደበቅ የሚፈልግ ሰው ችግሩ ከካርድ ማሽኑ ጋር አይደለምና እኛን አያድክመን።

«ሰዉ ካሽ ይወዳል» የሚሉም አሉ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ሲደረግ ስንቱ አጉረምርሞ ነበር! የታክሲ ሾፌሩ የቻለውን ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል እንዴት ያቅተዋል? ካሽ ይቅር አላልንም። አቅመ ደካሞችና ስልክ የማይችሉ አባቶችና እናቶች በካሽ የመክፈል መብታቸው ይጠበቅ። የምንለው ካርድ እቀበላለሁ ያለ ቤት በአግባቡ ይቀበል ነው።

ስለዚህ የሰፈራችን ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች የሚከተሉትን እንዲያሟሉ አጥብቀን እንጠይቃለን፦

1ኛ/ ቺፕ የሚያነብ ማሽን ወደ ደንበኛው ይምጣ፤ ካርዱ ከደንበኛው ዓይን አይራቅ።

2ኛ/ ፒን ማንም አይጠይቅ፤ ደንበኛው ራሱ፣ በእጁ ከልሎ ይምታ።

3ኛ/ በሞባይል የተላለፈ ገንዘብ የሚረጋገጠው በቤቱ የሂሳብ መዝገብ ላይ ይሁን። ገንዘብ ተቀባዩ የሚያይበት የቤቱ ስልክ ይኑር። በደንበኛ ስልክ ላይ የሚታይ ሥዕል ማረጋገጫ አይሁን።

4ኛ/ በማጭበርበር የጠፋ ገንዘብ ከአስተናጋጅ ደመወዝ አይቆረጥ።

5ኛ/ የካርድ ቁጥር በደብተር መመዝገብ ይቁም።

እኛ ነዋሪዎችም ድርሻ አለን። ፒናችንን አንናገር፤ ብንጠየቅም «ማሽኑን አምጣልኝ» እንበል። ይህ ኩራት ወይም ጥርጣሬ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ደረሰኝ ሳንቀበል አንነሳ፤ ከባንክ የሚመጣውን የጽሑፍ መልእክትም እዚያው እንይ። ካርድ ከጠፋ ሳናድር ለባንኩ እናስታውቅ። ሐሰተኛ ስክሪን ሹት እያሳየ የሚወጣውን ጎረምሳ ደግሞ «አራዳ» ብለን አናሞካሸው። የድሃ ልጅ እንጀራ የሚሰርቅ ሌባ ነው።

ማኅበራችን በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ይህን ጉዳይ አጀንዳ አድርጎ ይዟል። የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የማኅበሩ ዓመታዊ ግብዣ፣ የአባላት የልደት፣ የክርስትናና የሠርግ ድግስ እነዚህን አምስት ነጥቦች በተቀበሉ ቤቶች ብቻ ይሁን። ባለቤቶችም ተጋብዘዋል፤ ቅሬታ ካላቸው ፊት ለፊት ይናገሩ። ደመወዛቸው የተቆረጠባቸው አስተናጋጆች ስማቸው ሳይነሳ ለኮሚቴው ማስረዳት ይችላሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አንድም ሰው ሳይቀር በስብሰባው ላይ ይገኝ!

የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ