የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው

የሐዋሳ ሰው ስለ ደቡብ ቴሌቪዥን ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ይህ ተረት ትዝ ይለኛል። «የሁላችንም ጣቢያ ነበር! እንደሱ ያለ የት ይገኛል?» ይባላል። ኧረ ወገን፣ እንተዛዘብ! ጣቢያው በአየር ላይ ሳለ ሪሞት አንስቶ ያላለፈው ማን ነው? የክልል መንግሥት ጣቢያ ነበርና ስብሰባው፣ ምረቃው፣ የባለሥልጣኑ ንግግር ሞልቶት ነበር። ናፍቆታችን ይህን ሁሉ ረስቶ ጭፈራውን ብቻ አስቀርቷል።

ስሙም ሕልውናውም የክልሉ ነበር። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲዳማ በሕዝበ ውሳኔ ክልል መሆንን መረጠ፤ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ፤ በነሐሴ 2015 የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለና የቀድሞው ክልል አከተመ። ቤት ፈርሶ የቤቱ ስም ብቻውን አይቆምም። ለዚህ እንባ ማፍሰስ ከንቱ ነው።

ሊያንገበግበን የሚገባው ካሴቱ ነው! የኮሬው፣ የጌዴኦው፣ የከፋው፣ የሐዲያው ሽማግሌ በገዛ ቋንቋው የተናገረበት፣ ብዙዎቹም ዛሬ በሕይወት የሌሉበት ምስል ማለቴ ነው። ፍቼ ጨምበላላን ዩኔስኮ የመዘገበው በ2008 ነው። የዛሬውን የጉዱማሌ በዓል ከዚያ በፊት ከነበረው ጋር ማስተያየት የሚፈልግ ተመራማሪ ከድሮ ምስል ሌላ ምን ምስክር አለው?

«ፕሮፓጋንዳ ነው፤ ይቅር» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ባለሥልጣኑ ሪባን ሲቆርጥ ከጀርባው ገበያው፣ አለባበሱ፣ አስፋልት ያልነካው መንገድ አብሮ ተቀርጿል። ካሜራ ያልታዘዘውንም ይቀርጻል።

ጋዜጠኝነት ስማር በቶሎ የገባኝ ነገር ካሴት ውድ መሆኑ፣ ስለዚህም በላዩ ላይ ሌላ እንደሚቀዳበት ነው። ሀብታሙ ቢቢሲ እንኳ «ዶክተር ሁ» የተባለውን ድራማውን ብዙ ክፍሎች እንዲሁ አጥፍቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. ከጠፉት ዘጠኙ መገኘታቸው ሲነገር የተገኙት ለንደን ሳይሆን ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ውስጥ ነበር። ቅጂው ሌላ አገር ባይቀመጥ ኖሮ ያው ጠፍተው ይቀሩ ነበር።

መኪና ለአራት ክልል ሲከፈል አንዱ ያገኛል፣ ሦስቱ ይቀራሉ። ምስል ግን ይቀዳል፤ አራቱም ሙሉውን ሊወስዱ ይችላሉ፣ ማንም አይጎዳም። ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። የቀረጻዎቹ ዝርዝር በይፋ ይውጣ። ለአራቱም ክልሎች ቅጂ ይሰጥ። አንድ ሙሉ ቅጂ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይረከብ። ናፈቀኝ የምትል የሐዋሳ ሰው፣ ቡና ላይ ከምታለቅስ ይህን በደብዳቤ ጠይቅ!