የታተመው ሰዓትና የመበለቲቱ ቃል



በእንግሊዝ አገር የሚኖርና ለድራማ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን ከሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ዘንድ ሥራ የሚማር አንድ ወጣት ባለፈው ወር ደብዳቤ ጻፈልን። ባልደረቦቹ የሚያዘጋጁት የወንጀል ምርመራ ድራማ በ1973 ዓ.ም. በብርዱ ወራት በማንቸስተር ከተማ የሚፈጸም ታሪክ ነው። ለእርሱ የደረሰው ሥራ የሳምንቱን የቴሌቪዥን ፕሮግራም የምትዘረዝር አንዲት መጽሔት ከስሟ ጀምሮ አዲስ ፈጥሮ ማቅረብ ነው። «መጽሔቲቱ በመርማሪው እጅ የምትታየው ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነውና፤ ምን ያህል ልድከምባት?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ሌላውንም የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው መልሱን በዚህ ዓምድ እንሰጣለን። በምንጽፈው ሁሉ ዓመታቱና ወራቱ በአውሮፓውያን፥ ሰዓቱ ግን በአገራችን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዲሴምበር 18 ቀን ማክሰኞ ምሽት በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ሰው ይገደላል። ተጠርጥሮ የተያዘው የሰፈሩ ወጣት ነው። ከመንገዱ ትይዩ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት መበለት ግን እንዲህ ሲሉ ይመሰክራሉ፤ «ቴሌቪዥኑ ከምሽቱ 4፡30 ሰዓት ላይ ተዘጋ። መጋረጃውን ልስብ ወደ መስኮቱ ብሄድ አንድ ሰው ሲሮጥ አየሁ፤ ያም ሰው ይህ ልጅ አልነበረም።» መርማሪው ከጠረጴዛው ላይ መጽሔቲቱን አንሥቶ ይገልጣል። ከ4፡45 እስከ እኩለ ሌሊት ፊልም እንደሚታይ ተጽፎአል፤ በፊልሙም ርእስ ዙሪያ መበለቲቱ በእርሳስ ክብ አድርገውበታል። መርማሪውም «ፊልሙን ሲያዩ አምሽተው ሰዓቱ ተምታቶባቸዋል» ብሎ ቃላቸውን ወደ ጎን ይተወዋል።

እንግዲህ የአንድ ወጣት ዕድል በአንዲት የመጽሔት ገጽ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ስለዚህ ለልጃችን የሰጠነው የመጀመሪያው መልስ «መጽሔቲቱን ከተዋናዮቹ እንደ አንዱ ቍጠራት» የሚል ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሟና ስለ መልኳ እንናገር። በዚያ ዘመን እንግሊዞች በየሳምንቱ የሚገዟቸው ሁለት ታላላቅ የፕሮግራም መጽሔቶች ነበሩ። ሬዲዮ ታይምስ ከሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 ጀምራ የቢቢሲን ፕሮግራም ታወጣ ነበር። ቲቪ ታይምስ ደግሞ የንግድ ቴሌቪዥን በ1955 ሥራውን ሲጀምር አብራ ተወለደች። የእነዚህ ስምና የስማቸው አጻጻፍ የባለቤቶቻቸው ሀብት ነውና አስመስሎ መሥራት አይገባም። አዲሲቱ መጽሔት የራሷ ስም፥ የራሷ ፊደል፥ በፈቃድ የተነሣ የራሷ የሽፋን ፎቶግራፍ ይኑራት። ከቀደሙት የሚወሰደው የአሠራራቸው ሥርዓት ብቻ ነው፤ ይኸውም ሽፋኑ በቀለም፥ ውስጡ በአመዛኙ ጥቁርና ነጭ፥ ሳምንቱም ከቅዳሜ ጀምሮ በዓርብ የሚያልቅ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ልጃችን በላከልን ንድፍ ላይ በወቅቱ የነበሩት ሦስቱ ጣቢያዎች፥ ማለት የቢቢሲ አንደኛና ሁለተኛ ከንግዱ ጣቢያ ጋር፥ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ለዛሬ ተመልካች ይህ የተለመደ ነው፤ በ1973 ግን አልነበረም። የሳምንቱን ዝርዝር የማሳተም መብት የየጣቢያው ስለ ነበረ፥ አንደኛዋ መጽሔት የቢቢሲን፥ ሁለተኛዋ የንግዱን ጣቢያ ብቻ ታወጣ ነበር። ጋዜጦችም የየዕለቱን እንጂ የሳምንቱን ሙሉ ዝርዝር እንዲያወጡ አይፈቀድላቸውም ነበር። በአየርላንድ ማጊል የተባለ አሳታሚ በ1986 የሁሉንም ጣቢያዎች ዝርዝር በአንድ መጽሔት ቢያወጣ ጣቢያዎቹ በፍርድ ቤት አገዱት፤ ነገሩም እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1995 በጣቢያዎቹ ላይ ተፈረደ። በብሪታንያ ይህ ሥርዓት የተለወጠው በማርች 1 ቀን 1991 ነው። ስለዚህ የመበለቲቱ መጽሔት የአንድ ወገን ብቻ ትሁን። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ስለ እርሳቸው ኑሮ ሳይነገር ይነገራል፤ ሁለቱን ለመግዛት ገንዘብ የማይተርፋቸው ሴት መሆናቸውን ተመልካቹ ከጠረጴዛቸው ያነባል።

ሦስተኛም አገርንና ገንዘብን መጠንቀቅ ያሻል። የንግዱ ቴሌቪዥን በየክፍለ አገሩ በተለያየ ኩባንያ ይመራ ስለ ነበር፥ ማንቸስተር ያለ ሰው የግራናዳን ፕሮግራም ሲያይ ሎንዶን ያለው በሥራ ቀናት የቴምስን ያይ ነበር። መጽሔቶቹም የየአካባቢው ልዩ እትም ነበራቸው። በማንቸስተር ቤት የሎንዶን እትም ቢገኝ የሚያውቅ ሰው ይስቃል። ዋጋዋም በሽልንግ አይጻፍ፤ እንግሊዞች ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1971 ጀምረው ፓውንዱን በመቶ ፔኒ ቈጥረዋልና።

አራተኛው የእጅ ሥራ ነው። በቀረጻ ጊዜ ወረቀት ይቀደዳል፥ ይጨማደዳል፤ አንዱም ትዕይንት ደጋግሞ ይቀረጻል። ስለዚህ አንድ ዓይነት የሆኑ በርከት ያሉ ቅጂዎች ይዘጋጁ። በእርሳስ የተደረገው ክብና የሻይ ሲኒ የተወው ምልክት በሁሉም ላይ በአንድ ስፍራ ይዋል። በደንብ መጻፍ ያለባቸው ሽፋኑና የማክሰኞው ገጽ ናቸው፤ በሌሎቹ ገጾች ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። መበለቲቱ አላምታቱም። በዚያ ዓመት መጸው የነዳጅ ዘይት ችግር በመነሣቱና የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች ከኖቬምበር ጀምረው ትርፍ ሰዓት አንሠራም በማለታቸው፥ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ማገዶ አነሳቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ በዲሴምበር 13 ቀን የቍጠባ ትእዛዝ አስታወቁ። ከዲሴምበር 17 ቀን ሰኞ ጀምሮ ቴሌቪዥን በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 4፡30 ሰዓት ላይ እንዲዘጋ ሆነ፤ እገዳው ፈጽሞ የተነሣው በፌብሩዋሪ 1974 ነው። ቅዳሜ ዲሴምበር 15 የምትጀምረው መጽሔት ግን ቀደም ብላ ታትማ ነበርና፥ የማይታየውን ፊልም እንደሚታይ አድርጋ ይዛለች። የእርሳሱም ክብ የሚናገረው መበለቲቱ ለማየት የተመኙትን ነው፤ ያዩትን አይደለም።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላም አገር ደርሷል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኖቬምበር 22 ቀን 1963 በተገደሉ ጊዜ ታላላቆቹ ጣቢያዎች የወትሮውን ፕሮግራም ትተው እስከ ቀብሩ ዕለት ስለ ሐዘኑ ብቻ አሳዩ፤ የዚያ ሳምንት የፕሮግራም መጽሔቶች ግን የቀረውን ጨዋታና ድራማ እንደ ያዙ ቀሩ። ቢቢሲም ከ1923 እስከ 2009 የታተሙትን የሬዲዮ ታይምስ ዝርዝሮች በ2014 ለሕዝብ በኢንተርኔት ሲከፍት፥ ዝርዝሩ የታቀደውን እንጂ የተላለፈውን ሁሉ እንደማያሳይ ገልጾ፥ ስሕተት ያገኘ ሰው እንዲያርም ጋብዟል። የመዝገቡ ባለቤት እንኳ ይህን ካለ፥ የድራማው መርማሪ ከመጽሔቲቱ በፊት ጣቢያውን መጠየቅ ነበረበት።

እንግዲህ «ምን ያህል ልድከምባት?» ላለው ልጃችን መልሳችን ይህ ነው። ያቺን የ4፡45 መስመር ጥርት አድርገህ ጻፋት፤ ተመልካቹም እንደ መርማሪው ይመናት። መጽሔቲቱ የተጣራች ካልሆነች ተመልካቹ ገና ከመጀመሪያው ይጠረጥራታልና፥ በመበለቲቱ ላይ ከመርማሪው ጋር አብሮ አይፈርድም፤ አብሮ ካልፈረደም በኋላ አብሮ አያፍርም። በየቤታችን ያሉ አረጋውያን «በዚያ ቀን እንዲህ ሆኖ ነበር» ሲሉን፥ እኛም ወረቀት ገልጠን ከማቋረጣችን በፊት ወረቀቱ መቼ እንደ ተጻፈ ብንጠይቅ መልካም ነው።