«ለበይክ» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ሐጅና ዑምራ ስንቅ



አንድ ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ አንዲት እናታችን ልጃቸውን አስከትለው ወደ መስጂዳችን መጡ። ለረመዳን ዑምራ ሊሄዱ ነው። ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለደላላ ከፍለዋል፣ ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብተዋል፣ ቪዛው ዛሬ ነገ ይወጣል ተብለዋል። የመጡት ኢማሙ ዱዓ እንዲያደርጉላቸው ነበር። ፓስፖርታቸውን ተቀብዬ ሳየው ጊዜው ሊያልቅ የቀረው አራት ወር ብቻ ነው። ሳውዲ ዐረቢያ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ፓስፖርት ትጠይቃለች። «ክትባትስ ተከተቡ?» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ ማንም የነገረኝ የለም፤ አላህ ይጠብቀኛል» አሉኝ።

የዚያ ዓመት የረመዳን ዑምራ አመለጣቸው። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ «ማንም የነገረኝ የለም» ያሉት ነው። እውነታቸውን ነው። ከእኛ መስጂድ ጀመዓ አንድም ቀን ጠፍተው አያውቁም። እኛ የጠዋፍና የሰዕይ ዱዓ አስተማርናቸው፤ የሚያደርሳቸውን መንገድ ግን ለደላላ ተውነው።

ብዙዎቻችን ይህን ዝግጅት «የዱንያ ጉዳይ» እንለዋለን። ስህተት ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ የየመን ሰዎች «እኛ በአላህ ተመኪዎች ነን» እያሉ ያለ ስንቅ ለሐጅ ይወጡ ነበር። መካ ሲደርሱ ሰው ይለምናሉ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ስንቅ እንዲይዝ የሚያዘው የሱረቱል በቀራ 197ኛ አንቀጽ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ተወኩል ሰበብን መተው አይደለም። የያኔው ስንቅ ቴምርና ውሃ ነበር። የዛሬው ስንቅ ደግሞ ከገንዘቡ በተጨማሪ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ክትባትና ፈቃድ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው፦

1ኛ. ፓስፖርትና ቪዛ። ለደላላ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ፓስፖርታችሁ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ከዚያ የሚሰጣችሁ ቪዛ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። በዑምራ ቪዛም ሆነ በጉብኝት ቪዛ ሐጅ ማድረግ አይፈቀድም። ከሀገራችን ለሐጅ የሚኬደው በመጅሊሱ በኩል ተመዝግቦ ነው።

2ኛ. ክትባት። የማጅራት ገትር ክትባት ግዴታ ነው፤ ሳውዲ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። የቢጫ ወባ ክትባትም ከኛ ሀገር ለሚሄድ ሰው ያስፈልጋል፤ ካርዱ የሚያገለግለው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ለበረራው ሦስት ቀን ሲቀረው ጤና ጣቢያ መሮጥ ዋጋ የለውም።

3ኛ. ጤና። በሶፋና መርዋ መካከል የሚደረገው ሰባት ምልልስ ብቻውን ወደ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን አስቀድሞ ያማክር። መድኃኒቱን ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣው ይያዝ። አባትና እናቶቻችንን ከወር በፊት ጀምረን በእግር ማለማመድ የልጆች ኸይር ሥራ ነው።

4ኛ. ሻንጣ። ወደ ጂዳ የሚበር ሰው ሚቃቱን የሚያልፈው በአየር ላይ ነው። ኢሕራሙን በጭነት ሻንጣ ከላከው ይቸገራል። ጫት በሳውዲ በጥብቅ የተከለከለ ነው። «ይህችን ዕቃ ለዘመዴ አድርስልኝ» የሚላችሁን ሰው ውስጡን ሳታዩ አትቀበሉ፤ ዓይን አፋርነት እስር ቤት ያስገባል።

5ኛ. ስልክ። መዲና ላይ ረውዳ ገብቶ ለመስገድ ኑሱክ በተባለው መተግበሪያ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። ስልክ ለማይችሉ ትልልቆቻችን ወጣቶች እዚሁ ሳሉ አስተካክሉላቸው። የሆቴሉን ስምና የቡድን መሪውን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁም ኪሳቸው ክተቱላቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። «በጉብኝት ቪዛ ግባና ሐጅህን አድርግ፤ የአላህን ቤት ማን ይከለክላል?» የሚሉ ደላሎች አሉ። ይባስ ብሎ እንዲህ አድርጎ የተመለሰውን «ጀግና» ብለን በመስጂድ ደጃፍ የምናሞግስ እኛው ነን። በሰኔ 2016 (1445 ሂጅሪያ) የሆነውን እናስታውስ። በመካ ሙቀቱ ከ51 ዲግሪ አልፎ ነበር። የሳውዲ መንግሥት እንዳስታወቀው 1,301 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህ 83 ከመቶ የሚሆኑት ፈቃድ ያልነበራቸው፣ ያለ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ናቸው። አላህ ይማራቸው። ድንኳኑ፣ አውቶቡሱ፣ ማቀዝቀዣው የሚዘጋጀው በፈቃድ ልክ ነው። ያለ ፈቃድ የገባ ሰው ወይ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ወይ የሌላውን ሐቅ ይሻማል።

የሳውዲ ታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ያለ ፈቃድ ለሐጅ መሄድ እንደማይፈቀድ፣ ያደረገውም ኃጢአተኛ እንደሚሆን ገልጿል። ቅጣቱ እስከ 20,000 ሪያል ይደርሳል፤ ከሀገር መባረርም አለው። ደላላው ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ ቀጣዩን ሰው ይመዘግባል።

«የሐጅ ዋጋ ተወዷል፣ ድሃው ምን ያድርግ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። ነገር ግን አላህ ሐጅን ግዴታ ያደረገው በቻለ ሰው ላይ ነው። ያልቻለ ወንጀል የለበትም። ያላስገደደንን ነገር በማጭበርበርና ነፍስን ለአደጋ በማጋለጥ እንድንፈጽመው አይፈልግም። ይህን ሐቅ ለእናቶቻችን በርጋታ ብንነግራቸው ከስንት ዕዳና ከስንት ለቅሶ እናድናቸው ነበር!

ሐሳቤን ላጠቃልል። መስጂዶቻችን በየዓመቱ ከረመዳንና ከሐጅ ወቅት ሁለት ወር ቀድመው አንድ የዝግጅት ቀን ያድርጉ። ኡስታዙ መናሲኩን ያስተምር፣ ከጀመዓው አንድ የጤና ባለሙያ ስለ ክትባቱ ይናገር፣ ሄዶ የተመለሰ ሰው ያየውን ያካፍል። ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እኛ መስጂድ የምናገለግል ሰዎችም ዱዓ ከማድረጋችን በፊት «እስቲ ፓስፖርትዎን ልየው» ማለትን እንልመድ።

አላህ ለናፈቀው ሁሉ የተስተካከለ መንገድና ተቀባይነት ያለው ሐጅና ዑምራ ይወፍቀው። አሚን። ወላሁ አዕለም።